አምባዛና ቆሮሶ በአንድ ኩሬ፦ በሆሞሻ ዓሣ ለሚያረባ ሰው የጠብ ማብረጃ መመሪያ

ወደ ኩሬዎ 400 የቆሮሶ ጫጩት ለቀው፣ ከአራት ወር በኋላ መረቡ ግማሹን እንኳ ካላወጣ፣ ጣትዎ ቀድሞ የሚቀሰረው አምባዛው ላይ ነው። ጢማም ነው፣ አፈ ሰፊ ነው፣ ሥራውንም የሚሠራው በጨለማ ነው፤ ለተጠርጣሪነት የሚጎድለው ነገር የለም። ሆኖም በአንድ ውኃ ውስጥ ያሉ ዓሦች መበላላታቸው የዝርያ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የመጠን፣ የረሃብና የአገባብ ተራ ጉዳይ ነው። ትንሽ ሆኖ፣ ዘግይቶ የገባ አምባዛ ለቆሮሶ ኩሬ ጠቃሚ ነው። ቀድሞ የገባ ትልቅ አምባዛ ግን ኩሬውን ባዶ ያስቀረዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ባለኩሬው ነው።

ቆሮሶ፣ ብዙዎች ቴላፒያ የሚሉት፣ ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ደኅና ያድጋል። አምባዛም ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ በሆሞሻና በአሶሳ ዙሪያ የአየሩ ጠባይ ለሁለቱም የተመቸ ነው ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው ዝናቡ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንብና ከኅዳር ጀምሮ ኩሬው ይጎድላል። በመስከረም ተስማምተው የነበሩ ዓሦች በመጋቢት የሚጣሉት ጠባያቸው ስለተለወጠ ሳይሆን ቦታቸው ስለጠበበ ነው።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን ይለዩ

አንድም ዓሣ ከማውጣትዎ በፊት ኩሬው ውስጥ የሆነውን ይወቁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጎታች መረብ፣ ሁለት ባልዲና ማለዳ መነሣት ነው።

የዓሣው ቁጥር እያነሰ አንድም ሬሳ ካልታየ፣ እየተዋጠ ወይም እየተወሰደ ነው። አምባዛ ትንሽ ዓሣን እንዳለ ስለሚውጥ ቅሪት አይተውም። ሽመላም፣ አርጃኖም፣ ሌሊት መጥቶ መረብ የሚጥል ሰውም አይተዉም። ስለዚህ ኩሬውን ዳር ዳሩን ይዙሩ። እርጥብ ጭቃ ላይ የወፍ እግር አለ? በሁለት ረድፍ ዱካ መካከል የተጎተተ ጅራት መስመር ካለ አርጃኖ መጥቷል። ሣሩ ላይ የተበተነ ቅርፊት ካዩ፣ የበላው ከውኃ ውጭ ሆኖ ነው የበላው፤ አምባዛን ከዚህ ክስ ነፃ ያውጡት።

አካሉ ያልተነካ ቆሮሶ በማለዳ አፉን ከፍቶ፣ ስንጥቡን ከፈት አድርጎ ሞቶ ተንሳፍፎ ካገኙት፣ የነከሰው የለም፤ የገደለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አምባዛ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አየር መሳብ ይችላል። ቆሮሶው በታፈነበት ሌሊት እሱ ይተርፋል፤ የሞተውንም ይበላል። ጎሕ ሲቀድ የደረሰ ባለኩሬ በአምባዛው አፍ የቆሮሶ ቁራጭ ያይና እዚያው ፍርዱን ይሰጣል። በዚያ ዕለት አምባዛውን በሙሉ ለቅሞ ቢያወጣ በማግስቱም ዓሣ ይሞትበታል፤ ምክንያቱም የታመመው ውኃው ነው።

በሕይወት ያለ ነገር ግን የቆሰለ ዓሣ ሌላ ነገር ይናገራል። ከጣት ያነሱ የአምባዛ ጫጩቶች ጅራታቸው ተቆርጦ ከተገኘ እርስ በርስ እየተበላሉ ነው። ያደገ ቆሮሶ ከንፈሩ ቆስሎ፣ የጎኑ ቅርፊት ተነቅሎ፣ ክንፉ ተበጣጥሶ ከታየ ደግሞ የወንዶች ጠብ ነው፤ የጎጆ ቦታ ይሻማሉ። በጀርባው ወይም በጎኑ ላይ ጠለቅ ያለ የመውጊያ ቀዳዳ ካለ የወፍ መንቁር ነው።

አሁንም ካልጠራልዎ አንድ አምባዛ ለወጥ ያውጡና ሆዱን ይክፈቱ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ሙሉ ሙሉ ትናንሽ የቆሮሶ ጫጩቶች ካሉበት ሥራውን እየሠራ ነው፤ ይተዉት። የትልቅ ዓሣ ብጥስጣሽ ካለበት የሞተ ነው የበላው። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ለመሸጥ ሁለት ወር የቀረው ቆሮሶ እንዳለ ተውጦ ካገኙ ግን ቀጣዩን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡ።

የአፍ ልክ

ከሁለቱም ዝርያ 20 ወይም 30 ያህል ዓሣ በመረብ ያውጡ። አማካይ ክብደት እዚህ ላይ አይጠቅምም። የሚያስፈልጉዎ ሁለት ዓሦች ብቻ ናቸው፦ ከአምባዛው ትልቁ፣ ከቆሮሶው ትንሹ። ኩሬው የሚጠፋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

አምባዛውን ሲይዙ ይጠንቀቁ። ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎች ላይ ጠንካራ እሾህ አለ፤ ሲደነግጥ ይዘረጋዋል፤ ከወጋም ይጠዘጥዛል። እጅዎን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከእሾሁ ኋላ ይያዙት። ከዚያ የአፉን ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ በሽመል ስንጥር ይለኩና ስንጥሩን በዚያው ልክ ይቁረጡት። አሁን ትንሹን ቆሮሶ ያንሡና ከጀርባው እስከ ሆዱ ያለውን ቁመት ከስንጥሩ ጋር ያስተያዩ። ዓሣው ከስንጥሩ ከበለጠ ለጊዜው ሰላም ነው። እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ፣ ትንሹ ዓሣ ለትልቁ ምግብ ነው፤ የሚቀረው ጊዜው ብቻ ነው።

ቆሮሶ ጠፍጣፋና ቁመተ ረዥም ነው፤ የጀርባው ክንፍም እሾሃማ ስለሆነ ለመዋጥ ያስቸግራል። አምባዛ ግን ረዥምና ለስላሳ ነው። ስለዚህ አንድ አምባዛ ከቆሮሶው ይልቅ የገዛ ወንድሙን ቢውጥ ይቀለዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ቆሮሶውን ሲጠብቅ አምባዛው ያልቅበታል።

ስንጥሩን አይጣሉት። በየወሩ ይህንኑ ይድገሙ፤ አምባዛ ከቆሮሶ ፈጥኖ ስለሚያድግ በታኅሣሥ ትክክል የነበረው ልኬት በየካቲት ትክክል አይሆንም።

ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል

«ታዲያ አምባዛውን ለምን አስገባለሁ?» ይሉ ይሆናል። ምክንያቱ የቆሮሶ መራባት ነው። ሴቷ በኩሬ ውስጥ ገና በሦስትና በአራት ወሯ፣ እፍኝ ሳትሞላ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉንም በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ የተጠበቀ ዘር ስለማይጠፋ፣ እንደ ሆሞሻ ሙቀት ባለበት ቦታ ኩሬው ባጭር ጊዜ በትናንሽ ዓሣ ይጥለቀለቃል። ምግቡን ይሻማሉ፣ ሁሉም ይቀጭጫል፣ ለገበያ የሚሆን ዓሣ አይገኝም። አምባዛ እነዚህን ጫጩቶች ይበላል። ባለኩሬው የሚፈልገው መዋጥ ይህ ነው፤ ችግሩ አምባዛው እዚያ ላይ እንዲያቆም ማድረግ ነው።

200 ካሬ ሜትር ለሆነ፣ አየር ማስገቢያ ሞተር ለሌለው ኩሬ 400 ቆሮሶና 40 ያህል አምባዛ ለመነሻ ጥሩ ነው። ቆሮሶው እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲመዝን ይገባል። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ አምባዛው ይከተላል፤ ያኔ መጠኑ ከ5 እስከ 10 ግራም ቢሆን ይመረጣል። ቆሮሶው ኩሬውን ለምዶ፣ ጥቂት አድጎ ይጠብቀዋል፤ አምባዛው ትልቁን ዓሣ መዋጥ ሳይችል የመጀመሪያዎቹ የቆሮሶ ጫጩቶች ይደርሱለታል።

ይህ ተራ የኩሬ ብቻ አይደለም። የቀይ ባሕርን ዓይነት የኮራል ዓሦች በመስታወት ሣጥን፣ በጨው ውኃ የሚያኖሩ ሰዎችም ጠበኛውን ዓሣ የሚያስገቡት መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የገባ ጠበኛ ሣጥኑን ሁሉ ርስቱ ያደርገዋል፤ ከእሱ በኋላ የመጣ እንግዳ መድረሻ ያጣል። የግድ አዲስ ዓሣ መጨመር ካለባቸውም ድንጋዩን አስቀድመው ያገለባብጡታል፤ ነባሩም እንደ እንግዳው ቦታ ፍለጋ ይዞራል። እንግዳውን ደግሞ ለጥቂት ቀናት ውኃ በሚያሳልፍ ክፍል ውስጥ ለይተው ያቆዩታል፤ ይተያያሉ እንጂ አይናከሱም።

ይህንኑ በኩሬ ማድረግ ይቻላል። አራት የሽመል ችካል ተክለው በመካከሉ የመረብ ሣጥን ይስቀሉ፤ ታቹ ከጭቃው ከፍ ይበል፣ አፉ ከውኃው ገጽ በላይ ይውጣ። አዲስ የመጡትን ጫጩቶች ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት እዚያ ይመግቧቸው። ሲለቋቸው ወደ ማታ ይሁን፤ ነባሮቹ አዲሶቹ ከመለቀቃቸው በፊት ጠግበው ይብሉ።

የመረቡን ሣጥን ከምን እንደሚሠሩት ግን ይጠንቀቁ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ በየቤቱ አጎበር አለ፤ ዓይኑ ደቃቅ ስለሆነም እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። አጎበር የተነከረበት መድኃኒት ለሰው ብዙም ጉዳት የሌለው ሲሆን ለዓሣ ግን ብርቱ መርዝ ነው። አዲስ አጎበር ኩሬ ውስጥ የጨመረ ሰው ጠቡን ለማብረድ ብሎ ተጣዮቹን ሁሉ ይገድላል። አሮጌውንም አይመኑት። ለዓሣ ተብሎ የተሠራ ወይም መድኃኒት ያልነካው መረብ ይፈልጉ፤ አጎበሩ አልጋው ላይ ይቆይ።

ጫጩቱ የሚመጣበት መንገድም የጠብ መነሻ ነው። ከሰበታው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ይምጣ ከሌላ ማባዣ፣ ከአዲስ አበባ አካባቢ እስከ አሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱን ዝርያ በአንድ ከረጢት አይጫኑ። የአምባዛውንም ጫጩት በመጠን ሳይለዩ አይጫኑ፤ ጠዋት የተቆጠረው ማታ ሲደርስ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በሙቀት ሳይሆን በጥርስ ነው። ሲደርሱ ከረጢቱን ሳይፈቱ ኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ያንሳፍፉት፤ ከዚያ የኩሬውን ውኃ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ያላምዱ።

ከዳቡስ ወይም ከአባይ በባልዲ ቀድቶ ማምጣት ርካሽ ይመስላል። የወንዝ አምባዛ ግን መጠኑ የተደበላለቀ፣ በሽታና ጥገኛ ትልም የያዘ ሊሆን ይችላል። አገሪቱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት፤ ሕያው ዓሣ ከወንዝ ወደ ኩሬ ከማዘዋወርዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በተረፈ ወርቅ የታጠበበትን ጉድጓድ ውኃ ስላለው ብቻ የዓሣ ኩሬ አያድርጉት። ባዜቃ የነካው ጭቃ ከሆነ ባዜቃው በዓሣው ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፤ ከዓሣውም ወደ ማዕድዎ ይመጣል።

የአምባዛ ጫጩቶች

በዚህ መመሪያ ውስጥ በጣም አሰልቺው ሥራ የአምባዛ ጫጩቶችን በመጠን መለየት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን የተፈለፈሉ አምባዛዎች እኩል አያድጉም። ከመቶው ውስጥ ጥቂቶቹ ቀድመው ይመነደጋሉ። መጀመሪያ የታናናሾቻቸውን ጅራት ይነክሳሉ፤ አፋቸው ሲሰፋ ደግሞ እንዳለ ይውጧቸዋል። አንድ ወንድሙን የዋጠ ከሌሎቹ ይበልጥ ያድጋል፤ ሲያድግ ሌላ ይውጣል። ካልተቋረጠ ጥቂት ወፋፍራም አምባዛዎች ይቀሩዎታል፤ የሌሎቹ ዋጋ እነሱ ሆድ ውስጥ ነው።

ማቋረጫው በመጠን መለየት ነው። ጫጩቶቹ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪሞሉ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ይለዩዋቸው። መለያውን ከሽመል መሥራት ይቻላል፦ ያለ ታች በተሠራ ትንሽ ሣጥን በወለሉ ፈንታ እኩል ክፍተት ያላቸው፣ በደንብ የተላጉ ስንጥሮች ይደረደሩበታል። ውኃ ውስጥ ነክረው ሲያንቀሳቅሱት ትናንሾቹ ያልፋሉ፣ ትላልቆቹ ይቀራሉ። ስንጥሩ ሻካራ ከሆነ ቆዳቸውን ይልጣል፤ ቅርፊት ስለሌላቸው ቁስሉ ቶሎ ይመረቅዛል። በእጅ መልቀም የግድ ከሆነ ከሁሉ በፊት ተለይተው ያደጉትን ያውጡ፤ ሌላው ይቆያል።

መደበቂያም ይረዳቸዋል። ሁለት እጅ የሚሆን ርዝመት ያለው፣ አንጓው የተቦረቦረ ቀርከሃ ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ውኃው ታች ያጋድሙላቸው። አምባዛ ቀን ቀን ጨለማ ይወዳል፤ በብርሃን ሲጋለጥ ይቁነጠነጣል፣ ሲቁነጠነጥም ይናከሳል። በቆላ ሽመል የታወቀ አገር ይዞ የመደበቂያ ችግር ሊኖር አይገባም። ቧንቧዎቹን ሁሉ በአንድ ገመድ ያያይዟቸው፤ መረብ በሚጎትቱበት ቀን አንድ ላይ ይወጡልዎታል።

የቆሮሶ ወንዶች

ውኃው ሲጠራ ወይም ሲጎድል የኩሬው ወለል ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ካዩ፣ የወንድ ቆሮሶ ጎጆዎች ናቸው። እያንዳንዱ ጎጆ ባለቤት አለው። ባለቤቱ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል፤ እኩያው ከመጣ አፍ ለአፍ ተናክሰው ይገፋፋሉ።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ወንዶቹ ጥቂት ሲሆኑ ጠቡ ይብሳል፤ ሁሉም ርስት ለመያዝ ቦታ አለውና። ሲበዙ አንዱም ቦታውን ማስከበር ስለማይችል ጠቡ ይበርዳል። በሌላው ዓለም የአፍሪካ ሐይቆችን ዓሣ በሣጥን የሚያኖሩ ሰዎች ሆን ብለው የሚያጨናንቁት ለዚህ ነው። እነሱ ግን ሌት ተቀን የሚሠራ ማጣሪያና አየር ማስገቢያ አላቸው። እርስዎ ሞተር ከሌለዎት በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ዓሣ ላይ ይቁሙ፤ ጠብ ለማብረድ ብሎ ዓሣውን ማፈን አያዋጣም።

የተሻለው መንገድ ጾታ መለየት ነው። ዓሣው 30 ግራም ገደማ ሲደርስ በጀርባው ያጋድሙትና ከሆዱ በታች፣ ከኋለኛው ክንፍ ፊት ያለውን ይመልከቱ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሴቷ ሦስት። ካልታየዎ በጤና ጣቢያ ለቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ ቀለም በጥጥ ነካ ያድርጉበት፤ ቀዳዳዎቹ ጎልተው ይወጣሉ። ወንዶቹ ፈጥነው ስለሚያድጉ በዋናው ኩሬ ይቆዩ፤ ሴቶቹ በሌላ ኩሬ ይደጉ ወይም ለቤት ይበሉ። መሳሳት አይቀርም፤ ጥቂት ሴቶች ያመልጡዎታል። የአምባዛው ጥቅም ለዚያ ነው።

ጎጆ የሚበዛው ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ስለሆነ፣ ኩሬውን ሲቆፍሩ ዳሩን ቀጥ አድርገው፣ ጥልቀቱን ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ቢያደርጉት የጠቡን ሜዳ ይቀንሳሉ።

ማን መቼ ይብላ

ቆሮሶ የቀን ዓሣ ነው፤ አምባዛ የማታ። ሁለቱንም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ መመገብ ማጋጨት ነው። ለቆሮሶው ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ለአምባዛው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይስጡ።

በአካባቢው የኑግና የሰሊጥ ፋጉሎ ይገኛል፤ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር አሽቶ፣ አድርቆ መስጠት ለቆሮሶ ይበቃል። መጠኑ በቀን የዓሣው ጠቅላላ ክብደት 3 በመቶ ያህል ይሁን። 400 ቆሮሶ በአማካይ 50 ግራም ቢመዝን 20 ኪሎ ነው፤ የቀን ምግቡ 600 ግራም ማለት ነው፤ በሁለት ይከፍሉታል። አንድ ቦታ አይድፉት። ጉልበተኛው ቦታውን ይዞ ሌላውን ያስርባል፤ ሦስት አራት ቦታ ይበትኑት።

አምባዛው ሥጋ ነክ ነገር ይፈልጋል። ምስጥ ቤት በሚያፈርስበት አገር ለአምባዛ ምስጥ መስጠት ደስ የሚል በቀል ነው። ከእርድ የተረፈ ደምና ሆድ ዕቃም ተቀቅሎና ተከትፎ ይሆናል፤ ከበዛ ግን ውኃውን ያበላሻል። የተራበ አምባዛ ከመጥገቡ በፊት የሚያየው የጎረቤቱን ጅራት ስለሆነ፣ በተለይ ትንሽ ሳለ አንድም ማታ አይዝለሉ።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ

ውኃው በግማሽ ሲቀንስ ለእያንዳንዱ ዓሣ የሚደርሰው ውኃም በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። መደበቂያው ይገለጣል፣ ውኃው ይሞቃል፣ የሞቀ ውኃም የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ባለኩሬው ግን እንደ ጥቅምቱ ይመግባል።

እጅዎን ቀጥ አድርገው ውኃው ውስጥ ይክተቱ። ውኃው ክርንዎ ጋ ሳይደርስ መዳፍዎ ከዓይንዎ ከተሰወረ ውኃው ከልክ በላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ የሚጨምሩት ፍግ ካለ እሱንም ምግቡንም ያቁሙ። ጎሕ ሲቀድ ቆሮሶዎቹ ከውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ካዩ ንጹሕ ውኃ ከከፍታ ላይ እያፈሰሱ ያስገቡ፤ በተበሳሳ ጄሪካን ውስጥ አልፎ ቢወርድ አየር ይዞ ይገባል። የሚገባ ውኃ ከሌለ መፍትሔው አንድ ነው፦ ዓሣውን ይቀንሱ። ይህን ምክር ማንም አይወደውም፤ ዓሣው ገና ትንሽ ነውና። ነገር ግን በጥር ተይዞ የተሸጠ 150 ግራም ቆሮሶ በመጋቢት ከታፈነው ይሻላል።

ጠቡ ከተጀመረ

ዛሬ ጠዋት የተነካከሱ ዓሦች ካገኙና ጥፋተኛው አምባዛ መሆኑን ከለዩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ኩሬውን በሙሉ መረብ ይጎትቱና ከአፍ ልኩ ያለፉትን አምባዛዎች በሙሉ ያውጡ፤ አንዱን መተው ሥራውን አለመጀመር ነው። ሌላ ኩሬ ካለዎት ወደዚያ፣ ከሌለዎት ወደ ድስት ወይም ወደ ገበያ። የቆሰሉትን ቆሮሶዎች በመረቡ ሣጥን ይለዩ። በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም የገበታ ጨው አሟሙተው እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩዋቸው፤ ጎኑን ያዘነበለ ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ ውኃ ይመልሱት። ጅራቱ እስከ ሥጋው የተቆረጠ ዓሣ አይድንም፤ ውኃ ውስጥ መልሶ ማሳደር አምባዛን መጥራት ነው።

ያን ዕለት ለአምባዛው ማታ ምግብ ይጨምሩ። ከሳምንት በኋላ ዳግም መረብ ጥለው ይቁጠሩ።

የሚወጣና የሚገባ

አምባዛ ዝናብ ባለበት ሌሊት ከኩሬው ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ይሄዳል። በዚያው ዝናብ የዱር አምባዛ በመግቢያው ቦይ ሊገባም ይችላል፤ የሚገባው ደግሞ የፈለጉት መጠን አይደለም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በሚያዝያ፣ የውኃ መግቢያና መውጫውን በደቃቅ ወንፊት ይዝጉ። ኩሬውንም ግማሽ ሜትር ከፍታ ባለው፣ ታቹ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሽመል አጥር ይክበቡት፤ አርጃኖንም በመጠኑ ያዘገየዋል።

ሲያወጡ አምባዛው ይቅደም

ብዙ ሰው ቆሮሶውን ለይቶ እየሸጠ አምባዛውን «ይወፍር» ብሎ ይተወዋል። ትልልቁ ቆሮሶ ሲወጣ የሚቀረው ትንሹ ነው፤ የአምባዛው አፍ ደግሞ በየሳምንቱ ይሰፋል። ስለዚህ አምባዛው ቀድሞ ይውጣ። ገዢውን ግን አስቀድመው ይወቁ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም የሚሉ የኦርቶዶክስ አማኞች አሉ፤ አሶሳ ከተማ ውስጥ ይህን የሚል ደንበኛ ያጋጥምዎታል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በሆሞሻ ገበያ ግን ይህ ብዙም እንቅፋት አይሆንም። በጾም ወራት ዓሣ የሚፈልገው የአሶሳ ደንበኛ በአብዛኛው የሚጠይቀው ቆሮሶ ስለሆነ፣ አምባዛውን በጥር እዚሁ ሸጦ ቆሮሶውን ለዐቢይ ጾም ማቆየት ሁለቱንም ይጠቅማል፤ ኩሬውም በድርቁ መካከል ይተነፍሳል።

ኩሬውን ጨርሰው ሲያደርቁ ጭቃውን በእግርዎ ይዳስሱ። አምባዛ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለቀናት ይቆያል፤ መረቡም በላዩ ያልፋል። ውኃ የቋጠሩ ጉድጓዶችን አንድ በአንድ በባልዲ ቀድተው ያድርቁ፤ ሊደርቁ ያልቻሉትን ኖራ ይነስንሱባቸው። ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ውኃ ያልነካው ኖራ ይበቃል፤ በባዶ እጅ አይንኩት። ጭቃው እስኪሰነጣጠቅ ይተዉት። ያመለጠ አንድ አምባዛ ካለ፣ የሚቀጥሉት 400 ጫጩቶች ሲገቡ ግማሽ ኪሎ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።